የግብጦ ፕሮቲንና ደም ብዛት



በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ፣ በሜጫም ሆነ በሰከላ፣ እንዲሁም በአዊ አገር፣ ሌላ ሰብል የማይስማማው የደከመ አሲዳማ መሬት ግብጦ ያበቅላል። ግብጦ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን የሚያዳብር ጥራጥሬ ሲሆን፣ የፍሬው ሲሶ ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ ፕሮቲን ነው። ይሁንና ፍሬው እጅግ መራራ ነው። ምሬቱ የሚመጣው አልካሎይድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ሲሆን፣ እነዚህም ሲበዙ ነርቭንና ልብን የሚጎዱ መርዞች ናቸው። የጎጃም ባላገር ይህን ችግር ያለ ቤተ ሙከራ ፈትቶታል። ፍሬውን ቆልቶ በወራጅ ውኃ ለብዙ ቀናት ይዘፈዝፈዋል፤ ምሬቱ መልቀቁን በምላሱ ካረጋገጠ በኋላ ልጦ ይበላዋል፤ አረቄም ያወጣበታል።

ለዚህ ጉባኤ የቀረበው ጥያቄ፣ ከዚህ ፍሬ ፕሮቲን ደም ብዛትን የሚያበርድ ምግብ ማዘጋጀት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት፣ ከአዋቂዎች መካከል 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የደም ግፊታቸው ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ መድኃኒት የማይወስዱ ነበሩ።

በሰውነት ውስጥ አንጂዮቴንሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። መጀመሪያ አሥር አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን፣ አንድ ኤንዛይም ሁለቱን ቆርጦ ስምንት ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ይህን ኤንዛይም መግታት ግፊቱን ይቀንሳል። የብራዚል እባብ መርዝ የዚህ ዓይነት ኃይል ያላቸው ፔፕታይዶች እንዳሉት መታወቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ለተፈቀደው ካፕቶፕሪል ለተባለው መድኃኒት መንገድ ጠርጓል። ከምግብ ፕሮቲንም ተመሳሳይ አጫጭር ፔፕታይዶች ሊገኙ እንደሚችሉ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 በጄላቲን አሳይተዋል፤ በኋላም ወተት ተፈትኗል። ፕሮቲን በኤንዛይም ተቆራርጦ የሚገኘው ውጤት ሃይድሮላይሴት ይባላል። የግብጦ ፕሮቲንም ፔፕሲን በተባለው የጨጓራ ኤንዛይም ሲቆራረጥ ያንኑ ኤንዛይም እንደሚገታ በጣሊያን ቤተ ሙከራዎች ታይቷል።

ነገር ግን በብልቃጥ የታየው ኃይል በሰው ክንድ ላይ የሚለካ ግፊት አይደለም። ፔፕታይዶቹ በአንጀት ውስጥ እንደገና ይቆራረጣሉ፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። የወተት ፔፕታይዶች በሰው ላይ ሲሞከሩ፣ በአንዳንድ ጥናቶች የተገኘው ቅናሽ ጥቂት ሚሊሜትር ሜርኩሪ ብቻ ነበር፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2012 ማስረጃው በቂ አይደለም ብሎ ወስኗል። እንግዲህ ግብጦ የሚበላ ሁሉ ከደም ብዛት ይድናል ማለት አይቻልም።

ሙከራው ይደረግ ከተባለ ግን፣ የመሐንዲሱ ሥራ ከሐኪሙ ይቀድማል። ሦስት ጉዳዮች መታየት አለባቸው።

አንደኛው ጨው ነው። ፔፕሲን የሚሠራው በብርቱ አሲድ ውስጥ በመሆኑ፣ መጀመሪያ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመራል፤ ሥራው ሲያበቃ ደግሞ አሲዱን ለማርከስ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይገባል። ከሁለቱ የሚወለደው የወጥ ጨው ነው። ለምሳሌ በሊትር 0.1 ሞል አሲድ ቢያስፈልግ፣ 5.8 ግራም ገደማ ጨው ይፈጠራል። በዚያው ሊትር ውስጥ 50 ግራም ፕሮቲን ቢኖር፣ ሲደርቅ ከዱቄቱ አንድ አሥረኛው ያህል ጨው ነው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበቃው ይመክራል። ለደም ብዛት የተሠራ ምግብ ጨው ተሸክሞ ከወጣ፣ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይነሳል። ስለዚህ በሜምብሬን፣ ማለትም በስስ ማጣሪያ፣ ጨውን ማውጣት የሥራው ዋና ክፍል ነው። በሶዲየም ፈንታ ፖታሲየም መጠቀም ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ኩላሊታቸው ለደከመና የካፕቶፕሪልን ዓይነት መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ምሬት ነው። አልካሎይድ በአሲድ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፤ በደንብ ያልታጠበ ግብጦ ለሥራ ከገባ፣ መርዙ ከፔፕታይዶቹ ጋር በአንድ ፈሳሽ ይገኛል፤ በማድረቅም ይጠነክራል። ከሁሉ የሚከፋው፣ የተቆራረጠ ፕሮቲን ራሱ መራራ መሆኑ ነው። ባላገሩ ለዘመናት የታመነበት ምላስ የመርዙን ምሬት ከፔፕታይዱ ምሬት ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ምላስ ይመረምረው የነበረውን ከእንግዲህ መሣሪያ ይመርምረው። አውስትራሊያን የመሰሉ አገሮች ለአንድ ኪሎ የግብጦ ምግብ የፈቀዱት አልካሎይድ ከ200 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ያልታጠበው መራራ ግብጦ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ አለው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ለዝቅተኛ አገር የተጻፈ «ይህን ያህል ደቂቃ ይፍላ» የሚል መመሪያ ተሕዋስያንን ለመግደልም ሆነ ኤንዛይምን ለማቆም በዚያ አይበቃ ይሆናል። ጊዜው መርዘም፣ ወይም የግፊት ድስት መኖር አለበት፤ ለዚህም ማስረጃው ቴርሞሜትሩ እንጂ አረፋው አይደለም።

እነዚህ ሦስቱ ተለክተው ሳይመዘገቡ፣ ዱቄቱ «የደም ብዛት መድኃኒት» ተብሎ ገበያ ቢወጣ የሚደርሰው ጉዳት ግልጽ ነው። ደም ብዛት ሕመም ሳያሰማ የሚቆይ በሽታ ስለሆነ፣ እንክብሉን ትቶ ዱቄቱን የያዘ በሽተኛ ደኅና የሆነ ይመስለዋል፤ ስሕተቱ የሚታወቀው አንጎሉ ውስጥ ደም ሲፈስ ወይም ኩላሊቱ ሲደክም ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ የካፕቶፕሪል ዓይነት መድኃኒት የተከለከለባት ስለሆነች፣ በዚያው መንገድ ይሠራል የተባለ ዱቄት ሳይመረመር ሊሰጣት አይገባም።

የማኅበሩ አባላት ድርሻ እንግዲህ ይህ ነው፤ በእያንዳንዱ የምርት ዙር የጨውን፣ የአልካሎይድንና የሙቀትን ልክ መዝግቦ፣ መዝገቡን ዱቄቱ ሳይቀድም ለሐኪሙ ማስረከብ። ሐኪሙም በሰው ላይ ለክቶ ቅናሽ ካላገኘ፣ ግብጦ በፕሮቲኑ ያው መልካም ምግብነቱ ይበቃዋል። የጎጃም ባላገር ፍሬውን ሳያጥብ ለልጁ እንዳልሰጠ፣ መሐንዲሱም ሳይለካ ለበሽተኛ አይስጥ።