«ይመረት» ከማለት በፊት፦ የሰርኪዩት ቦርድ ንድፍ ከስኬማቲክ እስከ ምርት



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። የሰርኪዩት ቦርድ ንድፍ ተምሯል የምንለው ተማሪ ምን ማድረግ የቻለ ነው? እኔን ጨምሮ ብዙዎቻችን ለዓመታት «የንድፍ ሶፍትዌሩን በሚገባ የሚያውቅ» ስንል ቆይተናል። ዛሬ ግን መልሴ ሌላ ነው፤ የገዛ ንድፉን «ይመረት» ብሎ የሚፈርምና ለፊርማው ማስረጃ ማቅረብ የሚችል ነው።

ነገሩ ረቂቅ ሆኖ እንዳይቀር አንድ ቦርድ በጋራ እናስብ። በላስታ፣ ብልባላ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ አለ እንበል። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መቀመጥ አለበት። የምንሠራው መሣሪያ ሙቀቱ ከዚህ ክልል ሲወጣ ይጮኻል፤ በ220 ቮልት መስመር ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ ወደ ባትሪ ይዞራል። መሣሪያው ከተሳሳተ ክትባቱ መበላሸቱን ማንም ሳያውቅ ለሕፃናት ሊሰጥ ይችላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ስኬማቲኩ ነው። ለሙቀት መለኪያ ዲኤስ18ቢ20 የተባለውን ሴንሰር መረጥን እንበል። አምራቹ ከዜሮ በታች 10 እስከ ከዜሮ በላይ 85 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ የግማሽ ዲግሪ ትክክለኛነት ይሰጠዋል። ነገር ግን የመረጃ መስመሩን ከኃይል ምንጩ ጋር የሚያገናኝ፣ በተለምዶ 4.7 ኪሎ ኦም የሆነ ሬዚስተር ይፈልጋል። ይህን ሬዚስተር ብንረሳው የሶፍትዌሩ የኤሌክትሪክ ፍተሻ አንዳች ሳይናገር ሊያልፈን ይችላል። ፍተሻው የሚያየው የተሣለውን ነው፤ መሣል የነበረበትን አያውቅም። ስለዚህ ስኬማቲክ የሚመረመረው ከአምራቹ የመረጃ ሰነድ ጋር፣ እያንዳንዱ እግር በየተራ እየተነጻጸረ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ለእያንዳንዱ አካል ፉትፕሪንት፣ ማለትም እግሮቹ በቦርዱ ላይ የሚበየዱበትን የመዳብ አሻራ መስጠት ነው። እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት ባስመረትኩት የመጀመሪያ ቦርዴ ላይ ባለሁለት ረድፍ ማገናኛ ነበር። አምራቹ ማገናኛውን ከታች በኩል እንደሚታይ አድርጎ ሥሎታል፤ እኔ ከላይ እንደሚታይ አድርጌ አነበብኩት። ሁሉም ፍተሻ አለፈ። ቦርዶቹ ከውጭ አገር እስኪመጡ ሳምንታት ጠበቅን፤ ሲደርሱ የማገናኛው እግሮች በሙሉ በመስታወት እንደሚታይ ምስል ተገልብጠው አገኘናቸው። አንድ መንፈቀ ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር ባከነ። ያን ጊዜ ጀምሮ ንድፉን በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት አትሜ፣ እውነተኛውን ማገናኛ በላዩ ላይ ሳላስቀምጥ አልፈርምም። የዚህ ፍተሻ ዋጋ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ሦስተኛው እርምጃ የአካላቱ አቀማመጥና የመስመሮቹ ዝርጋታ ነው። ለማይክሮኮንትሮለሩ የኃይል እግሮች የሚሰጠው 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከእግሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ከራቀ በስኬማቲኩ ላይ መኖሩ ብዙ አይጠቅምም። ከሁሉ በላይ ግን የ220 ቮልቱ ክፍል ሰው ሊነካው ከሚችለው ክፍል በበቂ ርቀት መለየት አለበት።

በቂ ርቀት ስንት ነው? መልሱ ቦርዱ በሚሠራበት ስፍራ ይወሰናል። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ በተመሳሳይ ርቀት ላይ የሚችለው ቮልቴጅ ያነሰ ነው። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 60664-1 ደረጃ በአየር ውስጥ ለሚኖር ርቀት የሚሰጠው መነሻ ልክ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። ለ3,000 ሜትር ርቀቱ በ1.14 ይባዛል። ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በላስታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራም ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እንግዲህ በዝቅተኛ ስፍራ 3 ሚሊሜትር የሚበቃውን ርቀት፣ ለዚህ ደጋ የ3,000 ሜትሩን ልክ ወስደን ወደ 3.42 ሚሊሜትር እናሳድገዋለን። ሶፍትዌሩ ይህን ልዩነት በራሱ አያውቅም። ሕጉን የምንሰጠው እኛ ነን፤ 3 ብለን ከሰጠነው 3ን ፈትሾ «ስሕተት የለም» ይለናል። ከሌላ አገር የተቀዳ ንድፍ ለአገራችን ደጋ ሳይመረመር የማይበቃው ስለዚህ ነው።

የመጨረሻው እርምጃ ለምርት መልቀቅ ነው። ለፋብሪካው ለእያንዳንዱ ንጣፍ አንድ የገርበር ፋይል፣ የቀዳዳዎች ፋይል፣ የአካላት ዝርዝርና የመገጣጠሚያ ሥዕል እንልካለን፤ ሁሉም አንድ የእትም ቁጥር ይይዛሉ። ከመላካችን በፊት የገርበር ፋይሎቹን ንድፉን በሠራንበት ፕሮግራም ሳይሆን በሌላ ማሳያ ከፍተን እናያለን፤ ፋብሪካው የሚያነበው እነርሱን ነውና። ከዚያም ንድፉን ያልሠራ ሌላ ሰው መርምሮ ይፈርማል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ፋብሪካው በተለምዶ 1.6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን፣ 35 ማይክሮሜትር መዳብ የተለበጠበትን ገበታ ወስዶ፣ መስመር ያልሆነውን መዳብ በኬሚካል አጥቦ ያስወግዳል። ሥራው መቀነስ ነው። ብልባላ ጊዮርጊስንና ብልባላ ቂርቆስን ከአለት የፈለፈሉት ሰዎችም ሥራቸው መቀነስ ነበር፤ ዓምድ ሊሆን የሚገባው ድንጋይ አንዴ ከተነሣ ወደ ቦታው አይመለስም። የማይመለስ ሥራ የሚታሰበው ከመጀመሩ በፊት ነው።

የሶፍትዌር ዋጋም ሰበብ ሊሆነን አይገባም። ኪካድ የተባለውን ነጻ የንድፍ ፕሮግራም በ1992 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የጀመረው ዣን ፒየር ሻራስ፣ በግሬኖብል ከተማ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረ የፈረንሳይ ሰው ነው። ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ያለ ክፍያ ይጠቀምበታል።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የመመረቂያ ሥራ በኮምፒዩተር በታየ ውጤት ብቻ አይጠናቀቅ። እያንዳንዱ ተማሪ፣ ሁለት ሬዚስተርና አንድ መብራት ብቻ ያለው ቢሆንም እንኳ፣ አንድ ቦርድ እስከ ምርት ያድርስ፤ የሌላ ተማሪን ቦርድም መርምሮ ይፈርም። ውጤት ስንሰጥም ከቦርዱ እኩል የምርመራ ሰነዱን እንይ። ስሕተት የተገኘበትና የታረመበት ሰነድ ምንም ካልተጻፈበት ንጹሕ ሰነድ የበለጠ ነጥብ ያግኝ።

ተማሪዎቼ፣ ስትፈርሙ ስማችሁ የሚሄደው እናንተ ወደማትገኙበት ስፍራ ነው። በብልባላ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ከማቀዝቀዣው አጠገብ የምትቆመው ነርስ የእናንተን ስኬማቲክ አታይም። የምታምነው ድምፁን ነው።