ከቴሌግራም ትዕዛዝ ወደ ሒሳብ መዝገብ



በርበሬና ሽሮ የምንሸጠው በቴሌግራም ቡድናችን ነው። ትዕዛዙ ከሰላምታውና ከምርቃቱ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። አንዱ ካመለጠን የአንዷ እህት ድካም ከሒሳቡ ይቀራል።

በኮምፒውተር የሚጫነው ቴሌግራም የቡድኑን መልእክት በአንድ ፋይል አውጥቶ ይሰጣል። ጄሰን የሚባለውን ዓይነት ስንመርጥ የእያንዳንዱ መልእክት ላኪ፣ ቀንና ጽሑፍ ተለይቶ ይቀመጣል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በነጻ ይገኛል፤ አብረውት ከሚመጡት ትንንሽ ላይብረሪዎች አንዱ ፋይሉን ያነባል፣ ሌላው "ኪሎ" ከሚለው ቃል በፊት ያለውን ቁጥር ይለቅማል። ከዚያ መደመር ቀላል ነው።

ነገር ግን ማሽን እንደ ሰው አይገምትም። "3 ኪሎ"፣ "ሦስት ኪሎ" እና "ሶስት ኪሎ" ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለእሱ ግን ካልነገርነው በቀር ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። "ግማሽ" ቁጥር መሆኑንም አያውቅም። ስለዚህ ደንበኛው እንደፈለገ ቢጽፍም፣ ትዕዛዙን የምትቀበለው እህት ስትመልስለት በአንድ መልክ ትጻፍ፦ "በርበሬ 3 ኪሎ"። ፕሮግራሙ የሚደምረው ይህን መልስ ብቻ ነው፤ ያልገባውን ለብቻው ያወጣዋል፣ እኔም በዓይኔ አየዋለሁ።

አንድ አደራ አለኝ። ፋይሉ ውስጥ የደንበኞች ስምና የስልክ ቁጥር አለ። ለደጋፊዎቻችን የምናቀርበው ድምሩን ብቻ ይሁን። ሰው አምኖ የሰጠንን መጠበቅም የሒሳብ ሥራ ነው።