ከአየር ኃይል ወደ ሲቪል አቪዬሽን፦ የሥራ ልምዴ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው «ስለ ሥራህ ተናገር» ሲለኝ መጀመሪያ እንቢ ብዬ ነበር። እኔ መፍቻ እንጂ ማይክራፎን መያዝ አልለመድኩም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ብቻ በአገር ቤት በአውሮፕላን ጥገና የሠሩ ሦስት የደሴ ልጆች «ጋሼ፣ እዚህ በሙያችን እንዴት እንግባ?» ብለው ደውለውልኛል። የሦስቱም ችግር አንድ ነው፤ ድሮ የእኔ የነበረው ችግር ነው። ስለዚህ ተነሣሁ።

ወይዘሮ ስሂን ተምሬ ነው አየር ኃይል የገባሁት። ዛሬ ቢሾፍቱ በምንላት ደብረ ዘይት ስምንት ዓመት ሚግ-21 ላይ ሠራሁ። በሶቪየቶቹ አደረጃጀት የራዲዮና የራዳር ባለሙያ ለብቻው፣ የመሣሪያና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ለብቻው ነው። እኔ የመሣሪያ ሰው ነበርኩ። አብራሪው ከፊቱ የሚያያቸው ከፍታ፣ ፍጥነትና አድማስ የሚያሳዩት ሰዓቶች በእኔና በጓደኞቼ እጅ ነበሩ።

በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን እኔም ተበተንኩ። አዲስ አበባ ቴሌቪዥን እየጠገንኩ ቆይቼ በ1988 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶኝ ዋሽንግተን ገባሁ። ቀን ፓርኪንግ፣ ሌሊት አውሮፕላን ማጠብ። (እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፓርኪንግ ያልሠራ ካለ እጁን ያውጣ!) ስምንት ዓመት የአውሮፕላንን ሆድ ዕቃ ያየሁ ሰው አሁን ቆዳውን በሳሙና እፈትግ ጀመር። ለእናቴ «አየር መንገድ ነው የምሠራው» ብዬ ጻፍኩላት፤ ውሸትም አልነበረም።

ሥራ በጀመርኩ በወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1996፣ የኤሮፔሩ ቦይንግ 757 ከሊማ ወደ ሳንቲያጎ በሌሊት ተነሥቶ ባሕር ውስጥ ገባ። ሰባ ሰው አለቀ። ምክንያቱ ሲታወቅ እኛን አጣቢዎቹን ነካን። አውሮፕላኑ ሲጸዳ የስታቲክ ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈው ቴፕ ሳይነሣ ቀርቷል። እነዚህ በአውሮፕላኑ ጎን ያሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች የውጭውን የአየር ግፊት ያስገባሉ። ከፍታ መለኪያውም ፍጥነት መለኪያውም የሚያነቡት ከእነሱ ነው። ሲደፈኑ አብራሪው ጨለማ ውስጥ የሐሰት ቁጥር እያየ ይበራል።

አለቃችን ሰብስቦን ስለ ቴፑ ሲያስጠነቅቅ አንዱ ልጅ «እንዲያች ያለች ቀዳዳ ምን ታደርጋለች?» ብሎ ጠየቀ። አለቃው መመለስ አቃተው። እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተነሥቼ፣ ካርቶን ላይ እየሣልኩ አስረዳሁ። «ይህን የት ተማርክ?» አለኝ፤ ነገርኩት። ከጥቂት ወራት በኋላ በእሱ አማላጅነት አንድ የመሣሪያ ጥገና ድርጅት ተቀጠርኩ።

እዚያ እንደ አዲስ ተማሪ ሆንኩ። ሜትሩ ጫማ፣ ኪሎ ሜትሩ ኖት፣ የሜርኩሪው ሚሊ ሜትር ኢንች ሆነብኝ። ከሁሉም የባሰው አድማስ ማሳያው ነው። በሩሲያው መሣሪያ አውሮፕላኑ ሲያጋድል የሚያጋድለው የአውሮፕላኑ ምስል ነው፤ በምዕራቡ ደግሞ ምስሉ ቆሞ አድማሱ ያጋድላል። ስንት ሌሊት በሕልሜ ተገልብጬ አደርኩ!

ድርጅቱ የጥገና ሠራተኛ ፈቃድ አወጣልኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ያ ፈቃድ ከድርጅቱ ጋር የታሰረ ነው፣ ከወጣህ አብሮህ አይወጣም። የራስህ የሆነውን የሜካኒክ ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ በአውሮፕላኑ አካልም በሞተሩም ላይ 30 ወር፣ በአንዱ ብቻ ከሆነ 18 ወር መሥራትህን ማሳየት አለብህ። አሜሪካ ውስጥ ለአቪዮኒክስ ብቻ የሚሰጥ የሜካኒክ ፈቃድ የለም። አውሮፓ ያላችሁ በዚህ ትሻላላችሁ፤ ቢ2 የሚባለው ለአቪዮኒክስ ነው። የወታደር ቤት ልምድንም ይቀበላሉ፣ ሆኖም ተጨማሪ የሲቪል ልምድ ይጠይቃሉ።

እኔ ታዲያ ምን አለኝ? አንድ የሩሲያኛ ሰርተፊኬትና ከሚግ ፊት የተነሣሁት ፎቶ። ደብረ ዘይት ለቀሩት ለቀድሞው አለቃዬ ለሻምበል ጻፍኩላቸው። ሻምበል በእጃቸው ጽፈው ላኩልኝ። ማኅተም የለውም ብዬ ስጨነቅ አደርኩ፤ ለእኛ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ ነው እንዴ? አስተርጉሜ ወደ አቪዬሽን ባለሥልጣኑ ቢሮ ሄድኩ። ተቆጣጣሪው ስለ ማኅተሙ ትንፍሽ አላለም። «በታማኝነት፣ በቅንነትና በትጋት አገልግለዋል» የሚለውን አነበበና ቀና ብሎ «በትጋት ምን ሠራ?» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጠባዬ እንጂ ሥራዬ ወረቀት ላይ አልነበረም። የልምድ ደብዳቤዎቻችን እንደዚያ ናቸው፤ ሰውየው ጨዋ መሆኑን ይመሰክራሉ፣ እጁ የነካውን አይናገሩም።

ለሻምበል በጎረቤት ስልክ ደወልኩ። ሁለተኛው ደብዳቤ አራት ገጽ ሆኖ መጣ። በየትኛው አውሮፕላን፣ በየስንት ሰዓት በረራ፣ ምን ፈትተን፣ ምን ለክተን፣ ምን ቀይረን እንደገጠምን፣ ከወር ዓመቱ ጋር። እሳቸው የረሱትን እኔ፣ እኔ የረሳሁትን እሳቸው እያስታወስን። ተቆጣጣሪው ለአካሉ ፈተና ፈቀደልኝ፣ «ለሞተሩ ገና ነህ» አለኝ። የሞተሩን ወር ከሞተር ሜካኒኮች ሥር በሌሊት ፈረቃ ሞላሁት። የዕለቱን ሥራ በደብተር እየጻፍኩ፣ በየሳምንቱ እያስፈረምኩ። ሦስቱን የጽሑፍ ፈተናዎች፣ ከዚያም የቃልና የተግባሩን አልፌ በ1994 ዓ.ም. ሙሉ ፈቃዴን ያዝኩ። የማለፊያው ነጥብ 70 ነው፤ በመጀመሪያው 71 ነው ያመጣሁት፣ ልጆቼ እንዳይሰሙ!

አንድ ነገር ልጨምር። ከፈቃዱ በኋላ በሠራሁበት ሌላ ድርጅት፣ የአንድ ትንሽ አውሮፕላን የስታቲክ መስመር ልቅቀት ተፈትኗል ፈርም ተባልኩ። መስመሩ ውስጥ የተወሰነ ግፊት ተስቦ፣ በአንድ ደቂቃ ከ100 ጫማ በላይ መውረድ የለበትም። ሲፈተን አላየሁም። በወታደር ቤት አለቃ ካለ «እሺ ጌታዬ» ነው። እዚህ ግን ፊርማው የእኔ ስም፣ የእኔ የፈቃድ ቁጥር ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ «ሳልፈትን አልፈርምም» አልኩ። ፈተንኩት፤ ምንም እንከን አልነበረውም። እኔ ግን ስምንት ወር የሌሊት ፈረቃ ተመደብኩ። ዛሬም ቢሆን አልፈርምም ነበር።

አሁን ጥያቄዬ ይኸው ነው። በአየር ኃይል የሠራ ወንድም፣ አጎት፣ የጎረቤት ልጅ ያላችሁ፣ አለቃው በሕይወትና በጤና ሳለ ዛሬውኑ ደውሉላቸው። ሻምበል አርፈዋል፤ ሦስተኛ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ የለም። ወረቀቱ ሲመጣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ይዛችሁ ኑ። ቡና አለ፤ ሩሲያኛውንም እኔ አነብላችኋለሁ።