ገና ያልታየ ችሎታ እንዴት ይመዘናል?

(የቅርጫት ኳስ ክበባችን በትምህርት ቤቱ በዓል ያሰማው ንግግር)



በየዓመቱ ለትምህርት ቤታችን ቡድን አዲስ ተጫዋቾች ሲመረጡ፥ ስማቸው የወጣላቸው ይደሰታሉ፤ የቀሩት አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። ስለዚህ አንድ ወጣት ወደ ፊት ሊሆን የሚችለው ነገር እንዴት እንደሚመዘን ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ይህን ሥራ በብዙ ገንዘብ የሚሠሩት በአሜሪካ የኤን ቢ ኤ ቡድኖች ናቸው። ድራፍት በሚባለው ዓመታዊ ምርጫ በየተራቸው ወጣቶችን ይወስዳሉ። አስቀድመውም ቁመት ይለካሉ፥ ዝላይ ይመዘግባሉ፥ ጨዋታ ደጋግመው ያያሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2003 ዲትሮይት በ2ኛው ተራ ዳርኮ ሚሊቺች የተባለውን የ18 ዓመት ረዥም ወጣት ከሰርቢያ ወሰደ። ከእርሱ በኋላ ካርሜሎ አንቶኒ፥ ክሪስ ቦሽና ድዌይን ዌድ ተከታትለው ተመረጡ፤ ሦስቱም ታላላቅ ተጫዋቾች ሆኑ። ዳርኮ ግን የተባለለትን ያህል ሳይሆን ቀረ። ቡድኑ በ2004 ሻምፒዮን የሆነ ብርቱ ቡድን ስለ ነበረ፥ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ ይመለከት ነበር።

በ2013 ደግሞ ያኒስ አንቴቶኩምፖ፥ ከናይጄሪያውያን ወላጆች በአቴንስ የተወለደው፥ በግሪክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት የ18 ዓመት ቀጭን ልጅ ነበር። 14 ወጣቶች ቀደሙት፤ ሚልዋኪ በ15ኛው ተራ ወሰደው። በ2019ና በ2020 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ በ2021 ቡድኑን ለሻምፒዮንነት አበቃ። በ2014 ኒኮላ ዮኪች 41ኛ ተመረጠ። ሩጫው ዝግተኛ፥ ዝላዩ ዝቅተኛ ነበር፤ ነገር ግን ጓደኛው ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ አይቶ ኳስ ማቀበል ያውቅ ነበር። እርሱም ሦስት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ሆነ፤ በ2023 ዴንቨርን ሻምፒዮን አደረገ።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ዕድሜና የልምምድ ዘመን መታየት አለበት። የ18ና የ22 ዓመት ወጣቶች ዛሬ እኩል ቢጫወቱ፥ ታናሹ ገና ብዙ መንገድ አለው። ሁለተኛ፥ የሚማሩትን ከማይማሩት መለየት ያስፈልጋል። ቁመትን አሠልጣኝ አይሰጥም፤ አወራወርን ግን ያቃናል። ጨዋታን የሚያነብ ዓይን ደግሞ በሜትር አይለካም። ሦስተኛ፥ ወጣቱ የሚገባበት ቤት የትንቢቱ ግማሽ ነው፤ የሚታገሠው አሠልጣኝና የሚጫወትበት ጊዜ ያጣ ልጅ ተስፋው ይመነምናል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ይሁን እንጂ ያልታቀፈ እንቁላል አይፈለፈልም፤ ተስፋ አለው እየተባለ ሳይሠራ የሚኖርም የከርሞ ጥጃ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ቡድን የምትመርጡ መምህራን፥ የልጁን ቁመት ስታዩ ካምና ዘንድሮ ምን ያህል እንደ ተሻሻለም እንድትመለከቱ እንለምናለን። ስማችሁ ያልወጣ ጓደኞቻችንም ነገ ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳው ኑ፤ ኳሱን አብረን እንወረውራለን።