የእናት ስም አይጥፋ
(በኮልፌ ቀራኒዮ ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዘር ቆጠራ ነው። ዘር የምንቆጥረው በዘራችን ለመኩራት ወይም ሌላውን ለመናቅ አይደለም። ከማን እንደተወለድንና ወላጆቻችን ምን እንዳዩ ለማወቅ ነው። ለምሳሌ የምናነሣው ባላቸው በጦርነት የሞቱባቸውን የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን ታሪክ ነው።

የዐፄ ቴዎድሮስን ስም የማያውቅ የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ይህንን ልጅ አዋቂው ያወራዋል። ታዲያ በዚያ ቀን መበለት ሆና የቀረችው ሴት ማን ናት? የማንስ ልጅ ናት? ልጇስ የት ደረሰ? ብለን ብንጠይቅ ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። የጀግናው ስም ሲነሣ የሚስቱ ስም ይረሳል።

እንግዲህ ዘር ሲቆጠር ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው መሄድ ነው። እኛም ከልጁ እንጀምር።

ልጁ ልዑል ዓለማየሁ ነው። አባቱ ሲሞቱ ዕድሜው ሰባት ዓመት ገደማ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ ታመሙና በግንቦት 1860 ዓ.ም. መንገድ ላይ ዐረፉ። ባላቸው ከሞቱ ገና አንድ ወር ቢሆን ነው። የተቀበሩትም በትግራይ፣ ጨለቆት ሥላሴ ነው። ሕፃኑ እናትም አባትም ሳይኖረው ባሕር ተሻገረ። እንግሊዝ አገር ተማረ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ በምትባል ከተማ ሞተ። መቃብሩ በዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። የእናት መቃብር ጨለቆት፣ የልጅ መቃብር ዊንዘር! ጦርነት ቤተሰብን እንዴት እንደሚበትን ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

አሁን ወደ እናትየው አባት እንለፍ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንንና ትግራይን የገዙ መስፍን ነበሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በደጃዝማች ካሣ ተሸነፉና ታሰሩ። ካሣም በዚያው ሰሞን፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ጥሩወርቅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያገቡት እንግዲህ አባታቸውን ያሰሩትን ንጉሥ ነው። የባላቸውን ስም ብቻ ብናውቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ነገር ይሰወርብን ነበር።

ከውቤ ደግሞ ወደ ጎን እንይ። የውቤ ወንድም ብጡል ኃይለ ማርያም የእቴጌ ጣይቱ አባት ናቸው። ስለዚህ ጣይቱና ጥሩወርቅ የወንድማማቾች ልጆች ናቸው ማለት ነው። ጣይቱ ደግሞ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን የቆረቆሩ ናቸው። አያችሁ? ከመቅደላ የተነሣው ክር ዛሬ እኛ ወደተቀመጥንባት ከተማ መጣ።

በእናት በኩልስ? የጥሩወርቅ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ ይባላሉ። ልጃቸው ከሞቱ በኋላ፣ የልጅ ልጃቸው ደህና መሆኑን ለማወቅ ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ይልኩ ነበር። እኚህ አያት ልጁን የሚያስመልስ ጦር አልነበራቸውም። የቀራቸው ወረቀትና ቀለም ነው። ልጁ አልተመለሰም። ደብዳቤው ግን አያቲቱ እንዳልረሱት ይመሰክራል።

ጉዳዩ ከዚያ በኋላም አላለቀም። ኢትዮጵያ የልዑሉ አፅም እንዲመለስ ጠይቃ ነበር። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በአጠገቡ ያሉትን የሌሎች ሰዎች አፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም በማለት አልተቀበለውም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ግን የልጁ ጠባቂ በነበረው በካፒቴን ስፒዲ ቤተ ዘመዶች ዘንድ የቆየ የልዑሉ የጸጉር ዘለላ ለኢትዮጵያ ተሰጠ።

ይህ የቤተ መንግሥት ሰዎች ታሪክ ነው፣ እኛን ምን ያገባናል? የሚል አይጠፋም። ያገባናል። ድሮ በጎጃምና በጎንደር የገበሬው ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ስለነበር፣ ሽማግሌው እስከ አቅኚው አባት ድረስ ስሙን በቃሉ ይይዝ ነበር። ዘሩን ያልቆጠረ ርስቱን ያጣ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ መሬት በዘር መቁጠር ቀረ። መልካም ነው። ነገር ግን ቆጠራው ሲቀር የእናቶች ስምም አብሮ እንዳይቀር ያሰጋል። ኮልፌ ደግሞ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው። እዚህ የተወለደ ልጅ የሴት አያቱን መንደር ከማን ይማር?

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። አንደኛ፣ ደብተር ይዘን በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡትን ዘመዳችንን እንጠይቅ፤ ነገ እንጠይቃለን አንበል። ሁለተኛ፣ የእናትን፣ የእናትን እናት፣ የቅድመ አያትን ስም ከነአገሩ እንጻፍ፤ የክርስትና ስም ካለም እንጨምር። ሦስተኛ፣ ዓመቱን የማያውቁ ቢሆን በምን ዘመን፣ በየትኛው ጦርነት ወይም ድርቅ ሰሞን እንደሆነ እንጠይቅ። አራተኛ፣ በዓይን የታየውንና በወሬ የተሰማውን ለያይተን እንጻፍ። አምስተኛ፣ በሣጥን ያለ አሮጌ ደብዳቤና ፎቶግራፍ አይጣል፤ ከፎቶግራፉ ጀርባ የማን እንደሆነ ይጻፍበት።

ወይዘሮ ላቂያዬ የልጅ ልጃቸውን የፈለጉት በደብዳቤ ነው። እናንተም ዛሬ ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። ለሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዳችን የእናታችንን እናት ስምና የተወለዱበትን አገር ጽፈን እንምጣ። የማናውቅም ብንኖር ጠይቀን እንምጣ።