የጉናን ሊከኖች ለይቶ ስለ መመደብ



ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚወጣው ከጉና ተራራ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች የሚወርድ አገር ነው። በዚያ በድንጋይ ላይ የተለጠፈው፣ በጽድ ቅርንጫፍ ላይም እንደ ሽበት የሚንጠለጠለው ሊከን ይባላል። የስዊሱ ሊቅ ሽዌንደነር እ.ኤ.አ. በ1867 እንዳስታወቀው፣ ሊከን የፈንገስና የአልጌ ኅብረት ነው፤ የዝርያው ስም ግን ለፈንገሱ ይሰጣል።

መለየቱ ከአካሉ ቅርጽ ይጀመራል፦ ቅርፊት መሰል፣ ቅጠል መሰልና ቁጥቋጦ መሰል። ቀለም ብቻውን ያሳስታል፤ ብዙው ሊከን ሲደርቅ አመድማ፣ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናልና። ስለዚህ የፖታሽ ጠብታ ቀለሙን ይለውጥ እንደሆነ መፈተን፣ ስፖሩንም በማይክሮስኮፕ መመርመር ያስፈልጋል።

ዝናብ እምብዛም በማይጥልበት በናሚብ በረሃ ጠረፍ ሊከን የሚኖረው በባሕር ጉም ነው። ለጉናም ሊከኖች ደመናውና ጉሙ እርጥበት ይሰጧቸዋል። ዳሩ ግን የዛፍ ሊከን የረጋ ቅርፊትም ይሻል። በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ለሚያድግ ፍጡር፣ ቅርፊቱን እየላጠ የሚጥለው ባሕር ዛፍ አይመችም። ያረጀ ጽድና ወይራ ደግሞ የተረፈው በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ሊከንን አይጨምርም። እንግዲህ በየወረዳው የምትሠሩ አባላት ከበዛበት ጥቂት ናሙና በወረቀት ከረጢት አኑሩ፤ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ የበቀለበትን ዛፍና ቀኑን ጻፉ፤ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሐርበሪየምም ላኩ። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ የሚመደብ ዝርያ አይኖርም።