ከመሀል ሲጠየቅ

እሷ፦ ክረምት ሲገባ አቃቂ ቃሊቲ ያለ በጎ ፈቃደኛ ምን ይሥራ ትላለህ?

እሱ፦ ችግኝ ይትከል፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድስ። የለመድነው እሱን ነው።

እሷ፦ ጥሩ ነው። እኔ ግን ንባብ ያቃተውን ልጅ ያስነብብ ባይ ነኝ።

እሱ፦ የመምህሩ ሥራ አይደል እንዴ?

እሷ፦ ነው እንጂ! ግን በተጨናነቀ ክፍል ስንቱን ለየብቻ ያዳምጥ? በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል ማንበብ አልቻሉም።

እሱ፦ ኧረ! «ሀ ሁ»ን በዜማ ሲያወርዱት እንሰማለን እኮ።

እሷ፦ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ገበታው ላይ «ጬ»ን ነጥለህ ጠይቅ፤ ከ«ጨ» ጀምሮ እየቆጠረ የሚደርስባት ሞልቷል።

እሱ፦ 33 በ7፣ 231 ፊደል ቀላል አይደለማ!

እሷ፦ ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው አዘበራርቆ ይጠይቅ፣ አጭር ተረት አብሮ ያንብብ፣ ልጁ ሲሳሳት አይቆጣ።

እሱ፦ አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ ከኦሮሚያ ጋር ይዋሰናል። ቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር፣ በቁቤ የሚማር ልጅም አለ።

እሷ፦ እውነትህን ነው፤ ቋንቋውን የሚችል ሰው ይመደብለት።

እሱ፦ አንድ ቀን መጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚጠፋውስ?

እሷ፦ እሱ ባይመጣ ይሻላል። ልጅ ቃል የገባለትን ሰው አይረሳም።

እሱ፦ እንግዲህ አድማጫችን፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ካለዎት፣ በቅርብዎ ያለውን ትምህርት ቤት ያነጋግሩ። ከጀመሩ ግን አያቋርጡ።